የሀሮ ዲማ የእግር መንገድ

እናንተ መኪና የሌላችሁ አንባቢዎች፣ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ የምትኖሩባት ከተማ ስትነደፍ እናንተ እግር እንዳላችሁ ትዝ ያለው ሰው ነበር?

አልነበረም። ከነጌሌ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው ጎዳና ዳር በተቆረቆረችው በሀሮ ዲማም አልነበረም። በ1976 ዓ.ም. የከተማዋ መኪኖች የማዘጋጃ ቤቱ ላንድሮቨር፣ የሚሲዮን ክሊኒኩ ፒክአፕና ተበላሽቶ እንጂ ተንቀሳቅሶ ታይቶ የማያውቅ የአንድ ነጋዴ ፊያት ነበሩ። ወደ ዶሎ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች፣ ኤንትሬዎቹ፣ አቧራቸውን ደፍተው ያልፋሉ እንጂ የከተማዋ አይደሉም። የቀረው ሕዝብ እግረኛ ነው። ውኃ ቀጂዋ፣ ወተት ሻጯ፣ ተማሪው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ቄሱም ሰባኪውም በእግሩ ነው። ዕድል የቀናው ብስክሌት አለው። ይህ ሁሉ ሰው ከቀይዋ ኩሬ ተነሥታ፣ በክሊኒኩ ጓሮና በትምህርት ቤቱ ጎን አልፋ፣ ከብት ገበያው ላይ በምትወጣ ቀጭን መንገድ ይመላለሳል። መንገዷ ስም የላትም። በማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ላይም የለችም።

ትርንጎ ወልደሚካኤል ፍቅርን ያገኘችው በዚህች በሌለች መንገድ ላይ ነው።

ትርንጎ የማዘጋጃ ቤቱ ነዳፊ ናት። አዲስ አበባ ተምራ፣ ቀለምና ማስመሪያዋን ይዛ ወደ ቤተሰቧ የተመለሰች፣ ቁጡ፣ ሲስቁባት የማትወድ ልጅ። አባቷ አቶ ወልደሚካኤል ከመንዝ መጥተው ቆላ ያረጁ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ናቸው። ስለዚህ ሰው በአክብሮት ያያታል፤ በአክብሮትም ይርቃታል።

አንድ ጠዋት የመለኪያ ሜትሯን በዚያች መንገድ ላይ አግድም ዘርግታ ስትለካ አንድ ብስክሌት ነጂ መጣና ፍሬን ያዘ። ከኋላው የክትባት በረዶ ሣጥን አስሯል። ሜትሯን ረግጦ ቢያልፍ የሚከለክለው አልነበረም። እሱ ግን ወረደና ብስክሌቱን ከነሣጥኑ በሁለት እጁ አንሥቶ ሜትሩን አሻገረው።

«አካም ጂርታ፣ እኅቴ። ምን እየለካሽ ነው?»

«ከተማውን።»

«ይቺስ ከተማው ውስጥ ናት?»

«ይቺ መንገድ አይደለችም» አለች ትርንጎ፣ ትምህርት ቤት እንዳስተማሯት። «መኪና የማያሳልፍ መንገድ አይባልም።»

«እሺ» አለ ሰውየው። «እንግዲያው እኔም አልመጣሁም፤ አንቺም አላየሽኝም።»

ፔዳሉን ረግጦ ሄደ። ትርንጎ ተናደደች። ከዚያ የበለጠ ያናደዳት ግን እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ መከተሏ ነው።

ዋቅጅራ ይባላል፤ ነጌሌ አጠገብ ያለችው የወደራ ልጅ፣ የወንጌል ሰባኪ ልጅ፣ የክሊኒኩ ከታቢ። አማርኛውን ሲናገር ኦሮምኛው ከሥር ያዜማል። ትርንጎ በሳምንቱ ፈልጋ አገኘችው። «ያልመጣኸው ሰውዬ፣ ያልሄድክበትን መንገድ አሳየኝ» አለችው። እንዲህ ነው የጀመሩት። ውኃ የተሸከሙት ሴቶች የት እንደሚያርፉ፣ የሚያዝያ ዝናብ ጭቃውን ሲያቦካው ሰው በየት እንደሚዞር፣ ሴት ተማሪዎች ኤንትሬዎቹ የሚቆሙበትን ቦታ ሸሽተው በየት እንደሚያልፉ አብረው እየዞሩ አዩ። እሷ ትለካለች፤ እሱ ይጠይቃል። ደግሞም ይጣላሉ። እሱ ብስክሌትና እግረኛ በአንድ ላይ ይሂዱ ባይ ነው።

«አይሆንም» አለችው። «ከክሊኒኩ ቁልቁል ስትለቀው ደወልህ ማንን ያድናል? ከዳገቱ ሥር ለብስክሌት ለብቻው መስመር ያስፈልገዋል፤ መሀላቸው ደግሞ ዛፍ።»

«እኔ በሰባት ዓመት ማንንም ገጭቼ አላውቅም።»

«ውሸታም!» አለች ከወደ ኋላ ወተት ሻጯ ጠጂቱ፣ የወተት ጮጮዋን እንዳዘለች። «ባለፈው ጥምቀት ሁለት ጮጮ ወተት መሬት ያጠጣው ማነው? የእኔ ላም ለብስክሌት ነው የምትታለበው?»

ዋቅጅራ አንገቱን ደፋ፤ ትርንጎ ከት ብላ ሳቀች። ጠጂቱም አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየችና «እናንተ መንገድ አትሠሩም። ሌላ ነገር ነው የምትሠሩት» ብላ ሄደች።

ንድፉ አለቀ። ከኩሬው እስከ ገበያው የእግር መንገድ፣ ከዳገቱ ሥር የብስክሌት መስመር፣ መሀላቸው የግራር ረድፍ። ስፋቱን ባየ ጊዜ ዋቅጅራ ጠየቃት።

«ለምን ይህን ያህል ሰፋ? የእኛ ሰው በተርታ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ካንዱ ኋላ።»

«ቦታ ስለሌለው ነው። እኔ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲሄድበት ነው የነደፍኩት።»

«የትኞቹ ሁለት ሰዎች?»

ትርንጎ ብዕሯን ነከረችና ከግራሮቹ ረድፍ ላይ አንድ ዛፍ ጨመረች። 

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ትርንጎን ስለምወዳት አልደብቅላትም። መንገዷ አውራ ጎዳናውን የምትነካበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ ትቆምና «አንተ ቅደም» ትለዋለች። እሱ ብስክሌቱን ይዞ ይቀድማል፤ እሷ ቆይታ፣ የማታውቀው መስላ ትመጣለች። የሹም ልጅ ከጴንጤ ጋር፣ የመንዝ ልጅ ከወደራ ልጅ ጋር በአውራ ጎዳና ላይ አብራ ታየች እንዳይባል። እሱም አንድ ቀን «ለምን?» ብሎ አልጠየቃት። ያልጠየቀ ሰው ያልተጎዳ ይመስላል።

በሰኔ ሙሉነህ መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ መሐንዲስ ነው፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከተማው ይሰናዳ ተብሎ። ቆንጆ ሸሚዝ፣ ለስላሳ ንግግር፣ ንጹሕ እጅ አለው። አቶ ወልደሚካኤል ባዩት በሳምንቱ ምሳ ጋበዙት፤ እናቷ ወይዘሮ ደመቀች ባዩት በሰዓቱ ለልጃቸው አጩት።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሁለት ነገር ሆነ። በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አዲሱ ፕላን ተለጠፈ። በዚያችው መንገድ ወገብ ላይ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች የግራር እሾህ ቆርጠው አጠሩ። ቦታው የሰልፍ ሜዳ ሆኗል፤ ግንብ እስኪሠራ እሾሁ ይጠብቃል። እግረኛ ሁሉ በአውራ ጎዳናው፣ በኤንትሬዎቹ መሀል ይሂድ ተባለ።

ትርንጎ ሮጣ ስትደርስ ዋቅጅራ ብስክሌቱን ይዞ እሾሁ ፊት ቆሟል። ውኃ የተሸከሙ ሴቶች ከኋላው ተሰልፈዋል።

«ዋቅጅራ! ይህን አላወቅሁም፤ ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ፕላኑን አይቼ ነው የመጣሁት» አለ፤ አላያትም። «ከታች ‹ነዳፊ፣ ትርንጎ ወልደሚካኤል› ይላል። ጽሑፉ ያምራል።»

«ስሜን ትተው መንገዱን ነው ያጠፉት! እኔ እንዲህ የማደርግ ይመስልሃል?»

ያን ጊዜ አያት። እንዲህ አይቷት አያውቅም። ንዴት ቢሆን ትቋቋመው ነበር፤ ንዴት የእሷ ቋንቋ ነው። እሱ ግን ደክሞት ነበር።

«ትርንጎ፣ አንቺ እኔን ለማጥፋት ፕላን አያስፈልግሽም። አውራ ጎዳናው ጋ ስንደርስ በየቀኑ ታጠፊኝ ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ እሺ እያልኩ እቀድም ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ሁሉ ‹ቅደሙ› ተባለ። ምን አዲስ ነገር አለ?»

ብስክሌቱን አዞረ። ሴቶቹም እንስራና ጀሪካናቸውን እንደተሸከሙ ዞረው ተከተሉት። ትርንጎ እዚያው ቀረች። ስትናደድ ኖራለች፤ ሁሉንም ስትከስ ኖራለች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ሆኖ፣ እውነት ያለው ክስ ሲቀርብባት ምን ያህል እንደሚያቃጥል ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ሙሉነህ ምሳ ተጠራ። የሐዋርያት ጾም ነውና ሽሮው ቀረበ። ትርንጎ እጇን አልታጠበችም።

«መሐንዲስ፣ መንገዴን ማን አጠፋው?»

«ኧረ መጀመሪያ ይብላበት!» አሉ ወይዘሮ ደመቀች።

ሙሉነህ ግን ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን በቀለለ። «እኔ ነኝ። ቀለሙን በምላጭ ፋቅሁት። ከላይ የመጣው መመሪያ የሰልፍ ሜዳና ሰፊ ጎዳና ይላል። የፍየል ዱካ ለማን ያሳያል?»

«ስሜንስ ለምን አልፋቅኸውም?»

«ስምሽንማ...» አለና ወደ ወይዘሮ ደመቀች አየ፤ አፈረም። «ለአንቺ ብዬ ነው የተውኩት። ፕላኑ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለዕድገትሽ ይጠቅምሻል ብዬ ነው። እንደ ስጦታ ቁጠሪው።»

«አየሽ!» አሉ ወይዘሮ ደመቀች በደስታ። «አየሽ አሳቢነቱን!»

ትርንጎ ሳቅ ሊያፍናት ነበር፤ ሳቁ ግን እንባ ሆኖ መጣ። ከወንድ ያገኘችው የመጀመሪያ የአደባባይ ስጦታ የራሷ ውርደት ሆነ።

አቶ ወልደሚካኤል ጉርሻቸውን አስቀመጡ። «አልቅሰሽ ስትጨርሺ ስሚኝ። ከዚያ ብስክሌት ገፊ ጋር ጫካ ለጫካ ስትዞሪ ያላየሁ እንዳይመስልሽ። ሥራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጴንጤ ነው። ክሊኒካቸውን ማሸግ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ይህን ልብ በይ። ነገ ስብሰባ አለ። ፕላኑ በሕዝብ ጭብጨባ ይጸድቃል። አንቺም ታጨበጭቢያለሽ።»

«ሰውስ ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉ እናቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሰው?» አለች ትርንጎ። «ሰው እሾህ ላይ ቆሟል፣ እማማ።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አባቷን ትወዳቸዋለች። ልጅ ሳለች በትከሻቸው ተሸክመው ያንኑ ኩሬ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ለዚህም ነው ውስጧ የነደደው፤ የማይወዱትን ሰው መቃወም ምን ያቅታል?

ስብሰባው የተጠራው እሑድ ጠዋት ነው፤ ቄሱም ሰባኪውም እኩል እንዲያኮርፉ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ አቶ ወልደሚካኤል በሊቀመንበርነት፣ ሙሉነህ በመሐንዲስነት ተቀምጠዋል። ከመድረኩ ሥር፣ በሕዝቡና በሹሞቹ መሀል፣ ዋቅጅራ ቆሟል። የሀሮ ዲማ ግማሹ አማርኛ አይሰማም፤ ግማሹ ኦሮምኛ አይሰማም፤ ለስብሰባ የሚያስተረጉመው ደግሞ እሱ ነው። የሚያስተረጉም ሰው የራሱ አፍ የለውም፤ ሹሙ «እኔ» ሲሉ «እኔ» ይላል፤ ሽማግሌው ሲቆጡ ይቆጣል። ዓይኑን ከትርንጎ ላይ አሽሽቶ መሬት መሬት ያያል።

ሙሉነህ ስለ ሰፊው ጎዳና ተናገረ፤ ዋቅጅራ ተረጎመ። ከዚያ ጋልጋሎ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።  ሽማግሌው ረጋ ብለው ተናገሩ፤ ዋቅጅራም በአማርኛ መለሰው።

«‹ናጋ፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጋልጋሎ አንድ ነገር አልገባኝም። እኛም በረታችንን በእሾህ እንዘጋለን። ግን እሾሁን የምንስበው ከውስጥ ነው። ከውስጥ የዘጋ ቤተሰቡን ይጠብቃል። ከውጭ የዘጋ ሰው አስሯል። መንገዱ ላይ ያለውን እሾህ የሳበው ሰው የቆመው በየት በኩል ነው?›»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሽማግሌው ጨመሩ፤ «ካራን ቢሻኒ ሂን ጩፋሙ።»

«‹የውኃ መንገድ አይዘጋም›» አለ ዋቅጅራ። ይህን ሲል ድምፁ የአስተርጓሚ አልነበረም።

«የሽማግሌው አስተያየት ተመዝግቧል» አሉ አቶ ወልደሚካኤል። «ፕላኑን የነደፈችው የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ ስሟ ከሥሩ አለ። ሌላ ጥያቄ ከሌለ እናጨብጭብ።»

«አለ» አለች ትርንጎ። ተነሥታ ቆመች።  «ያ ፕላን የእኔ አይደለም። እኔ የነደፍኩት የእግር መንገድ ነበረው፤ የብስክሌት መስመር ነበረው፤ ዛፍ ነበረው። መሐንዲሱ በምላጭ ፋቀው፤ ስሜን ግን በስጦታ ተወልኝ። ስጦታውን በሕዝብ ፊት መልሻለሁ። ስሜን ፋቁልኝ!»

ዋቅጅራ ቀና አለ። የመጀመሪያውን ቃል ሲተረጉም አፉ ተሳሰረ፤ ከዚያ እየፈጠነ፣ እየጠነከረ ሄደ። «ስሜን ፋቁልኝ» ያለችውን በኦሮምኛ ሲል ጠጂቱ ከኋላ እልል አለች።

«ትርንጎ፣ ተቀመጪ» አሉ አባቷ። «እቤት እንነጋገራለን።»

«እቤት መንገድ የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጥያቄዬ እዚህ ነው። በዚህ ከተማ መኪና ያለው ማነው? ሰልፉ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ውኃው በየቀኑ ነው። ለአንድ ቀን ሰልፈኛ ብላችሁ የዓመቱን እግረኛ ኤንትሬ ሥር የምታስገቡት በማን ፈቃድ ነው?»

«ይህን ያስተማረሽ ማነው?» ጮኹ አቶ ወልደሚካኤል። ፊታቸው ደም ለብሷል። ሹምነታቸውን ረስተው አባት ብቻ ሆነዋል። «ለማን ብለሽ ነው የምትናገሪው? እስቲ ድፈሪና ለሕዝቡ ንገሪ፤ ለማን ብለሽ ነው?»

ጥያቄው ለማሳፈር ነበር። ለአንድ አፍታ የሠራም መሰለ። ትርንጎ ያችን ቦታ አሰበች፤ ሁልጊዜ የምትቆምባትን፣ «አንተ ቅደም» የምትልባትን። ከዚያ ከወንበሮቹ መሀል ወጣች። በሰው ሁሉ ዓይን ሥር አዳራሹን አቋርጣ ከመድረኩ ሥር መጣችና ዋቅጅራ አጠገብ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ፣ ቆመች።

«ለእነዚህ ሴቶች ብዬ ነው። ለራሴም ብዬ ነው። ደግሞም ለዚህ ሰው ብዬ ነው። ጴንጤ ነው፤ አዎ። ብስክሌት ገፊ ነው፤ አዎ። እወደዋለሁ። እስከ ዛሬ በጓሮ መንገድ ስወደው፣ አውራ ጎዳና ላይ ስደርስ ስክደው ኖሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን አብሬው እሄዳለሁ፤ በእግርም ቢሆን፣ በእሾህም ላይ ቢሆን። የሚከለክለኝ ካለ አሁን ይቁም!»

ማንም አልቆመም። የተቀመጡት ግማሾቹ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ግማሾቹ ምን እንደተባለ አልሰሙምና አስተርጓሚውን ያያሉ። አስተርጓሚው ግን ድምፁ ጠፍቷል። እጆቹ ሁለት በረዶ ሣጥን የተሸከሙ ይመስል ከብደው ተንጠልጥለዋል።

«ኢንታልቲ ማል ጄቴ?» አሉ ሽማግሌው ጋልጋሎ፣ ጆሯቸውን አቅርበው። «ልጅቷ ምን አለች?»

ዋቅጅራ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«እንዳትተረጉም!» አሉ አቶ ወልደሚካኤል ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። «አንት ሰው፣ ክሊኒኩን አስብ! አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!»

«ኧረ ተናገር፣ ወንድሜ!» አለች ጠጂቱ ከኋላ። «ወተት ስትደፋ አልፈራህም፤ ዛሬ ምን ነካህ?»

ሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያውም ጠፋ፤ ትርንጎ ወደ እሱ ዞራ ነበርና። ዓይኑ እርጥብ ነው። ፍርሃት አለበት፤ እሾሁ ፊት ያየችው ድካምም አለበት፤ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ስሙን ልትጠራለት የማትደፍረው ነገር አለ። እንዲያዝንላት አልፈለገችም። እንዲያድናትም አልፈለገችም። ከአንድ ሰው አፍ አንድ ቃል፣ እሱንም በቀን ብርሃን፣ በሁሉ ፊት ፈለገች።

«ዋቅጅራ» አለች። «እሾሁ ፊት ከሰኸኝ ነበር፤ እውነትህን ነው። መልሴን ሰጥቻለሁ። አሁን የእኔን ቃል በእኔ አፍ ተርጉምላቸው፤ አንዲትም ሳታስቀር፣ እወደዋለሁ ያልኩትን ጭምር። ከዚያ የማንንም ቃል ሳትዋስ፣ በራስህ አፍ፣ በአማርኛ ለአባቴ፣ በኦሮምኛ ለእነዚህ እናቶች ተናገር፤ ከእኔ ጋር በአውራ ጎዳናው ላይ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም? እቤት አይደለም፣ ጓሮም አይደለም፤ እዚሁ፣ አሁን፣ ሕዝቡ እየሰማ መልስልኝ!»